ቤት የሚማረውን ልጅ ማን ይየው?

ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማር ሲነሳ ብዙዎቻችን እጩ መምህራን ወዲያው እንቆጣለን። «ታዲያ እኛ ምን ልንሆን እዚህ እንሠለጥናለን?» እንላለን። ቁጣው ይቆየንና ነገሩ በሰፊው ክርክር ባስነሳባቸው አገሮች ሕጉ ከወላጅ ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። በእኛ አስተያየት ልጁ የትም ተቀምጦ ይማር፣ መማሩን ከወላጁ ሌላ የሚያይ ዓይን ግን ያስፈልጋል።

ጀርመን በሩን ዘግታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገኝ አዘዘ፤ ዛሬም ክፍላተ ሀገሩ በየራሳቸው ሕግ ይህንኑ ያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዳርምሽታት ከተማ አጠገብ የአንድ ቤተሰብ አራት ልጆች በባለሥልጣኖች ከቤት ተወሰዱ። ልጆቹ ተፈትነው፣ ወላጆቹም ትምህርት ቤት ለመላክ ተስማምተው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 የቤተሰቡ መብት አልተጣሰም ሲል ፈረደ። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይደግ መባሉን እንቀበላለን። ግን ልጅ ከእናቱ ተነጥሎ ትምህርት ሊወድ ነው? እንጃ!

በአሜሪካ የቴክሳስ ሕግ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የቤት ትምህርትን እንደ ግል ትምህርት ቤት ቆጠረው። ንባብ፣ የቃላት አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና የመልካም ዜግነት ትምህርት ይሰጥ ይባላል እንጂ ልጁ አይፈተንም። አባት «አስተምሬአለሁ» ካለ አለ ነው። ይህም አልጣመንም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ያለው ደንብ ይሻለናል። ወላጅ ማስተማር ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሳያቋርጥ መስጠት አለበት። አማርኛና ፊደል መጨመር የሚፈልግ ይጨምር፣ ከልካይ የለውም፤ ከነዚህ አንዱን ማስቀረት ግን አይችልም። የልጁ ጽሑፎች፣ የሠራቸው መልመጃዎችና የተማረባቸው መጻሕፍት በአንድ ማኅደር ይቀመጣሉ። ከጽሕፈት ቤቱ የተወከለ ሰው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ማኅደሩን ገልጦ ያያል። ጉድለት ከተገኘ ወላጁ በ30 ቀን ውስጥ ማስተካከሉን ያሳያል፤ ካልሆነ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል። (በሃይማኖት ድርጅት ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነት ማስተማርም ይቻላል፤ እሱን እንለፈው።)

እናቲቱ የመምህርነት ምስክር ወረቀት ይኑራት አይልም። አንዳንዶቻችንን የሚያንገበግበን ይኸው ነው። ኧረ ምን ያንገበግባል! በየደብሩ ዛፍ ሥር ፊደል ያስቆጠሩት የኔታዎች የትኛው ማሠልጠኛ ገብተው ነበር? ወረቀት ከመጠየቅ ሥራን ማየት ይበልጣል።

የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ፈተናው በፈቃድ እንጂ በግዴታ ስላልሆነ ዳኛው ማኅደሩ ብቻ ሊሆን ነው። እዚያ ውስጥ ያለው መልስ የልጅ ይሁን የእናት በምን ይለያል? በዓመት አንድ ቀን ልጁ ራሱ መምህር ፊት ቀርቦ ከማያውቀው መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ሠርቶ እንዴት እንደሠራው በቃሉ ቢያስረዳ እንመርጣለን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።