ውሻ የማይጮኽበት ሌባ

ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ማለዳ በራችንን ሲያንኳኩ ቡናው ገና አልተቆላም ነበር። አረፍ ሳይሉ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። «የካንሰር ክትባት ተገኘ!» ይላል። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ይሮጣል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ክራርም አጅቦታል።

ታናሽ እህታቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ኬሞም ወስዳለች። ባለፈው ወር ግን ጉበቷ ላይ ታየ ተባለ።

«አንተ በጋዜጣው ስለ ጤና ትሞነጫጭር የለ? በል ንገረኝ» አሉኝ። «ቤቱን ልሸጠው ነው፤ ደላላም አናግሬያለሁ። ይሄ ነገር እውነት ከሆነ ይዣት ልሂድ። ደግሞስ የልጄ ልጅ ትምህርት ቤት የተወጋችው ይኸው ክትባት አይደለም እንዴ?»

መልስ ሳፈላልግ ሌላ ጨመሩ። «ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ይዋጋል ትላላችሁ። እሾህ ሲወጋኝ እንኳ ያብጣል፣ ይመግላል። ታዲያ ይሄን የሚያህል ነገር ሆዷ ውስጥ ሲያድግ ሰውነቷ ለምን ዝም አለ?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። የካንሰር ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ግቢዎ ያለው ውሻ ለማን ነው የማይጮኸው?» አልኳቸው።

«ለቤት ሰው ነዋ።»

ካንሰርም የቤት ሰው ነው። ከውጭ አልመጣም፤ ከገዛ ሴላችን የበቀለ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነታችን ወታደሮች ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ይፈተናሉ። የራስን ሰውነት አጥብቆ የሚነክስ ሆኖ የተገኘው እዚያው እንዲሞት ይደረጋል። ፈተናውን አልፈው የሚሰማሩት በአመዛኙ ለቤት ሰው የማይጮኹት ናቸው። ይህ ባይሆን ኖሮ የገዛ ልባችንንና ኩላሊታችንን ይበሉት ነበር።

ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የሚፈልጉት ወታደሩን የሚያጠነክር ነገር ብቻ አይደለም። ካንሰሩ ላይ ያለ፣ ጤነኛው ሴል ላይ ግን የሌለ ምልክት ይፈልጋሉ። አንቲጅን የሚሉት እሱን ነው። ምልክቱም እንዲሁ አይገኝም። እያንዳንዱ ሴል ውስጡ የሠራቸውን ፕሮቲኖች እየከተፈ ቁራጮቹን በደጁ ላይ ይሰቅላል፤ ቲ ሴል ደግሞ በየደጁ እያለፈ የተሰቀለውን ያነባል። ቁራጩ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ «ፊደል» ብቻ ነው። ከብዙ ሺህ ቁራጭ መካከል የካንሰሩን የምታጋልጠው የትኛዋ ናት?

የመጀመሪያዋን በግልጽ ያገኟት ብራሰልስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቲየሪ ቡንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ከያዛት ሴት የተወሰዱ ቲ ሴሎች ላቦራቶሪ ውስጥ የራሷን ካንሰር ይገድሉ ነበር። ምኑን አይተው ነው የሚገድሉት? ተመራማሪዎቹ የካንሰሩን ዘረመል ቆራርጠው፣ ቁራጮቹን ቲ ሴሎቹ የማይነኳቸው ሴሎች ውስጥ እያስገቡ፣ የትኛው ሴል በድንገት እንደሚጠቃ ጠበቁ። ጭድ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ያገኙትን ዘረመል ሜጅ ብለው ሰየሙት። በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ ከወንድ የዘር ፍሬ በቀር ዝም ብሎ የሚተኛ፣ ካንሰር ሲነሳ ግን የሚነቃ ነው። የዘር ፍሬው ሴሎች ደግሞ በደጃቸው ምንም ስለማይሰቅሉ ቲ ሴል አያያቸውም። ከዚህ የተሻለ ኢላማ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ፈካ አለ። ቀጥሎ ያለውን ባልነግራቸው ደስ ባለኝ። ግን ቤት ሊሸጥ ነው፤ መንገር ነበረብኝ።

ከሃያ ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሜጅ ቤተሰብ የሆነውን ሜጅ ኤ3ን እንዲያድኑ ተደርገው በላቦራቶሪ የተሳሉ ቲ ሴሎች ለሁለት ሕመምተኞች ተሰጡ። ሁለቱም በቀናት ውስጥ በልብ ድካም ሞቱ። ልባቸው ውስጥ ሜጅ ኤ3 አልነበረም። የነበረው ታይቲን የሚባል፣ የልብ ጡንቻ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርግ ግዙፍ ፕሮቲን ነው። የታይቲን አንዲት ቁራጭ ዘጠኝ ፊደል አላት፤ የሜጅ ኤ3ም ቁራጭ ዘጠኝ ፊደል አላት፤ ከዘጠኙ አምስቱ አንድ ናቸው። የተሳሉት ቲ ሴሎች በአራቱ ፊደል ልዩነት አልተገቱም። ስሙ በሚመሳሰል ሰው ምክንያት ሌላው እንደታሰረ ቁጠሩት።

ሕክምናው ከመሰጠቱ በፊት በልብ ሴሎች ላይ ሙከራ አልተደረገም ወይ? ተደርጓል። ችግሩ ላቦራቶሪ ውስጥ በሰሃን ላይ ያደጉት የተለመዱት የልብ ሴሎች የማይመቱ መሆናቸው ነበር። የማይመታ ሴል ታይቲንን እንደሚመታ ልብ አይሠራም። አደጋው የታየው ከሞቱ በኋላ፣ ሰሃን ላይ እየመታ በሚኖር የልብ ሴል ሲሞክሩት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሰሃን ላይ ቱክ ቱክ የምትለዋ ሴል ትታየኛለች። ሁለት ሰው ከሞተ በኋላ ነው የተጠየቀችው።

በዚህ ምክንያት ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ ዓይነት ምልክት አዞሩ። ካንሰር የሚነሳው ዘረመል ሲገለበጥ ስህተት ሲገባበት ነው። «በሬ» ሊባል «በር» እንደሚባለው አንዲት ፊደል ትሳሳታለች። ያቺ ስህተት በጤነኛው ሴል ላይ የለችም፤ ታይመስም አይቷት አያውቅም። ስለዚህ የሕመምተኛው ጤነኛ ደምና የካንሰሩ ናሙና ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ የተለያዩበት ቦታ ይለቀማል፤ ከተለቀሙት የትኞቹ በደጅ እንደሚሰቀሉ በኮምፒውተር ይገመታል፤ ከዚያ በቲ ሴል ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የስቲቨን ሮዘንበርግ ቡድን ያሳተመው ታሪክ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ስለያዛት የ43 ዓመት ሴት ነው። ካንሰሯ ውስጥ 26 ስህተቶች ተገኙ። ከ26ቱ የራሷ ቲ ሴሎች የለዩት አንዱን ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሰጧት ቲ ሴሎች ሩብ ያህሉ ያቺን ስህተት የሚያውቁ ነበሩ፤ በሽታው ለጊዜው ቆሞ እንደገና ተነሳ። በሁለተኛው ዙር ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት የሚያውቋት ሲሆኑ ዕጢዎቹ መሟሸሽ ጀመሩ።

የጋሽ ታደሰ ቪዲዮም ከዚህ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ የቆሽት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው 16 ሰዎች እንደየስህተታቸው የተሠራ ክትባት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መሰጠቱ ተዘገበ። የስምንቱ ቲ ሴሎች ነቁ፤ የስምንቱ አልነቁም። ክትባቱ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የሚሠራ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የሚሰጠውም በምርምር ለታቀፉ ሰዎች ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የቤት ዋጋ ይዞ የሚመጣን ሰው አይጠብቅም።

«እና የልጅቷስ?» አሉ።

የልጅቷ ሌላ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የተጀመረው የኤችፒቪ ክትባት ቫይረሱ ሳይገባ ደጅ ላይ የሚያስቀር ነው፤ የማሕፀን በር ካንሰርን ይከላከላል እንጂ የተነሳ ካንሰርን አያክምም። ያም ቢሆን ከነገራችን ጋር ይዛመዳል። የማሕፀን በር ካንሰር የቫይረሱን ፕሮቲኖች ይዞ ይዞራል፤ እነሱ የእውነት ባዕድ ናቸው፤ ያለነሱም መኖር አይችልም። ምልክት ፈላጊዎቹ ይህን ካንሰር የሚወዱት ለዚህ ነው። ልጅቷ መከተቧ ትልቅ ነገር ነው ብያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ቁራጮቹ የሚሰቀሉበት መስቀያ ኤችኤልኤ ይባላል፤ ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሰዋለን፤ ዓይነቱም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። የአንዱ መስቀያ የያዘውን ቁራጭ የሌላው ላይይዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሜጅ ኤ4 በሚባለው ምልክት ላይ የተሠራ ሕክምና ሲኖቪያል ሳርኮማ ለተባለ ካንሰር ተፈቅዷል፤ ከብራሰልሱ ግኝት 33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የተፈቀደው ግን ኤ2 የሚባለው መስቀያ ላላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቹ የተማሩበት መረጃም በብዛት ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተሰበሰበ ነው። የኛ ሰው መስቀያ ካልተጠና፣ ነገ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ግምቱ ለኛ የላላ ይሆናል። ስለ መድኃኒቱ ዋጋ የሚያማርር ብዙ ነው፤ ስለዚህኛው የሚያነሳ አላጋጠመኝም።

ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ጋሽ ታደሰ ዝም አሉ። ከዚያ «ስለዚህ ምንም የለም ማለት ነው» አሉ።

አይደለም። እኛ ጋዜጣ ቤት አራሚ የሚባል ባልደረባ አለን፤ እሱ የቀረ ሳምንት ይህ ዓምድ በስህተት ይሞላል። ሴልም አራሚ ፕሮቲኖች አሉት። አንዳንድ የአንጀት ካንሰር አራሚዎቹ የተበላሹበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት አራሚ የሌለው ካንሰር በአማካይ 1,782 ስህተት፣ አራሚ ያለው ግን 73 ስህተት እንደያዘ አሳይቷል። ስህተት በበዛ ቁጥር የሚያጋልጥ ምልክት ይበዛል። ውሻው መጮኽ ይፈልጋል፤ አፉ ግን ታስሯል። ያን ማሰሪያ የሚፈቱ መድኃኒቶች አሉ፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙበት ግኝት ፍሬ ናቸው። በዚያው ጥናት ፔምብሮሊዙማብ ከተሰጣቸው አራሚ የሌላቸው አሥር የአንጀት ካንሰር ሕመምተኞች የአራቱ ዕጢ ቀንሷል፤ አራሚ ካላቸው 18ቱ ግን የአንዱም አልቀነሰም። ከተሠራጨ የአንጀት ካንሰር መካከል አራሚ የሌለው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነው። ዋጋውም የማይቀመስ ነው። ሆኖም ቤት ከመሸጡ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ይህ ነው፦ የእህትዎ ካንሰር አራሚ አለው ወይስ የለውም? በቀዶ ሕክምናው የወጣው ሥጋ ሰም ውስጥ ተቀምጦ ይቆያልና ከሱ ይመረመራል። ለሐኪሟም ይህንኑ ይጠይቋት አልኳቸው። ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አሉ፤ ጻፍኩላቸው።

ሐኪሟ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እናስመርምረው» አለቻቸው። ማክሰኞ ከፓቶሎጂ ክፍል ብሎኩን ተቀብለው በኛ በር አለፉ። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ፕላስቲክ ላይ ያለች ሰም ናት፤ መሃሏ ላይ ጠየም ያለ ነገር ይታያል። በነጭ መሐረብ ጠቅልለዋታል። ፀሐይ እንዳያገኛት ብለው ኮታቸው ውስጥ፣ በደረት ኪሳቸው ይዘዋታል።

«ይቺን ነው ቲ ሴሉ አላይ ያለው?» ብለው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ።

ላቦራቶሪው ውጤቱን በሁለት ሳምንት እሰጣለሁ ብሏል። ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ቆይ ብለውታል።