ሽበት ያወጣ ጥድ ሁሉ የታመመ አይደለም

በምዕራብ ሸዋ ዞን ደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው የጭሊሞ ደን በአዋሽ ወንዝ መነሻ አካባቢ የተረፈ የሐበሻ ጥድና የዝግባ ደን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ተጀምሮበታል።

በእንዲህ ዓይነት ደን በጥዱ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽበት የሚንጠለጠለውን ነገር በሽታ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። “ዛፉ ታሟል፣ ይቆረጥ” ለማለትም ይመቻል።

ሳይንሱ ላይከን ይለዋል። ፈንገስና ዋቅላሚ ተዳብለው የሚኖሩበት ነው። ሥር ስለሌለው የዛፉን ምግብ አይስብም፤ ውሃውን ከጉምና ከዝናብ ያገኛል፣ ምግቡን ዋቅላሚው በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጃል።

እርግጥ ነው፣ እየደረቀ ባለ ጥድ ላይ በዝቶ ይታያል። ቅጠሉ ሲሳሳ ብርሃን ይገባል፤ ላይከኑም ይስፋፋል። ድርቀቱን ግን እሱ አላመጣውም። መንስኤው መፈለግ ያለበት ከብት ረግጦ ባጠበቀው አፈር፣ በተላጠው ግንድ፣ በእሳት ጠባሳና በዝናብ እጥረት ነው።

ዛፍ የሚመጠው ተቀጽላ ነው። እሱ የራሱ ቅጠል አለው፤ ሥሩንም ቅርንጫፉ ውስጥ ይሰዳል። ቅርንጫፉን በጊዜው መቁረጥ ይጠቅማል። ላይከን ለያዘው ዛፍ ግን መጥረቢያም መድኃኒትም አያስፈልገውም። የመቁረጫ ጥያቄ የሚቀርብለት የወረዳ ባለሙያ ሁለቱን ቦታው ድረስ ሄዶ መለየት አለበት፤ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥምና።