የልጆቻችንን የሃይማኖት ደብተርም እንግለጠው

ክረምት ሲቃረብ እኛ ጅቡቲ ያለን ነጋዴ እናቶች ወሬያችን ሁሉ ምዝገባ ነው። «ወንዱን ልጅ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ልኬ ቅዱስ ዮሴፍ ባስገባውስ?» ትላለች አንዷ። «ካቶሊክ አድርገው ይመልሱልሽ!» ትላታለች ሌላዋ። ሦስተኛዋ ደግሞ «እንግሊዝኛውን ይወቅ እንጂ የሃይማኖቱ ክፍለ ጊዜ ምን አስጨነቀሽ» ትላለች። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ነው። ቅዱስ ዮሴፍን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የከፈቱት የላሳል ወንድሞች ናቸው፤ ማኅበሩ በ1680 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የድሃ ልጆችን ለማስተማር የተመሠረተ ነው። እዚያ ተምረው የወጡት አብዛኞቹ ካቶሊክ አይደሉም። እዚሁ ጅቡቲም የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን የሚሞሉት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው፤ ሰላታቸውን አልተዉም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ማንም ተገዶ እንዳያምን፣ የልጅ የሃይማኖት ትምህርትም ወላጅ እንደ እምነቱ የሚመርጠው እንዲሆን አውጃለች። የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ልጆቻችንን በእምነታችን የማሳደግ መብት ሰጥቶናል።

ግን መብት ያለው ሰው ይጠይቃል። ዕቃችን ከኮንቴይነር ሲራገፍ አንድ ካርቶን ብትጎድል አገር ይያዝልን እንላለን። የልጃችንን ትምህርት ግን ክፍያውን ልከን ዝም። ስለዚህ ከመመዝገባችን በፊት እንጠይቅ፦ ክፍለ ጊዜው ግብረ ገብ ነው ወይስ ትምህርተ ክርስቶስ? ጸሎትና ቅዳሴ ግዴታ ነው? ውጤቱ ከደረጃ ይገባል? የሌላ እምነት ልጅ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል? መልሱን ሰምቶ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ በሐሜት መወሰን ሌላ።

ትልቁ ጥያቄ ግን የእኛው ነው። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ማታ ደውሎ «እማዬ፣ የኛ እምነት ከነሱ በምን ይለያል?» አላት። እሷ የቀኑን ሽያጭ እየቆጠረች ነበርና «በኋላ እነግርሃለሁ» አለችው። ያ በኋላ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። ልጁን ማንም አልወሰደባትም፤ ጥያቄውን ግን ሌላ ሰው መለሰለት። እኛም ስንቶቻችን እንዲሁ ብለናል? አባትየው ጋላፊ መንገድ ላይ፣ እናት ገበያ፣ አያት እንቅልፍ ላይ።

አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መጠየቁ አይቀርም። ጥሩ አስተማሪ ስለ እውነት፣ ስለ ድሃ፣ ስለ ታማኝነት ቢያስተምረው ትርፉ የእኛም ነው፤ በሚዛን የማያጭበረብር ነጋዴ የሚወጣው ከዚያ ነው። የቤቱን እምነት ግን የሚያስተምር ቤቱ ነው፤ ቄሱ፣ ሼኩና እኛ።

ዘንድሮ ካርኒውን ስናይ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛው ጋር የሃይማኖቱንም ደብተር እንግለጠው። ስልኩ ማታ ሲጠራም ገንዘቡን አስቀምጠን እናንሳ። ገንዘቡ ጠዋትም ይቆጠራል።