ቁልፍሽን ለያዪ እንጂ ከዘመድሽ አትለያዪ

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፦

የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ወረታ ከተማ ነው። የአጎቴን የሩዝ መፈልፈያ ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በእጄ ያሉት ቁልፎች ሰባት ናቸው፤ የግቢው በር፣ የመኝታ ክፍሌ፣ የቁም ሣጥኔ፣ የመፈልፈያ ቤቱ፣ የመጋዘኑ፣ የገንዘብ መሳቢያውና የባጃጁ። ሁሉም የታሰሩት በአንድ ቀለበት ነው። ባጃጁን የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ነው። ጠዋት በሮቹን ከከፈትኩ በኋላ ዘለላውን እንዳለ እሰጠዋለሁ፤ አንዷን ከቀለበቱ ላውጣ ቢሉ ጥፍር ይሰብራል። ባጃጁን ሲያሳጥብም ሆነ ጎማ ሲያስለጥፍ ቁልፉ ከላዩ አይነቀልም። ማታ መልሶ ሳሎን ምስማር ላይ ይሰቅለዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከመሳቢያው 3,000 ብር ጎደለ። አጎቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» አሉ። ልጁን ብጠይቀው «ሌባ አልሽኝ!» ብሎ ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አያነጋግረኝም። እንደ ወንድሜ አብሮኝ ያደገ ልጅ ነው። አሁን ቁልፎቹን የሚለያይ መያዣ ላሠራ አስቤአለሁ። ግን የባጃጁን ብቻ ነጥዬ ብሰጠው «ሌባ ነህ» ያልኩት አይመስለውም? ምን ትመክሩኛላችሁ?

እህታችሁ፣ ከወረታ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ከገንዘቡ እንጀምር። ማን እንደወሰደው እኛ አናውቅም፤ አንቺም አታውቂም። የአጎትሽ ተረት ከገንፎው ውስጥ ስንጥር እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ስንጥሩን ማን እንደከተተው አይነግርሽም። እስቲ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ያ ዘለላ ከባጃጁ ላይ ተንጠልጥሎ እጥበት ቤት ይውላል፣ ጎማ ለጣፊው ዘንድ ይቆማል፣ ማታ ደግሞ ሳሎን ምስማር ላይ ያድራል። ወረታ ደግሞ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚወጣባትና የሚወርድባት ከተማ ናት። ታዲያ መሳቢያሽን ሊከፍት ይችል የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ? የአጎትሽ ልጅ የተጠረጠረው ማስረጃ ስለተገኘበት ሳይሆን ዘለላው በእጁ ስለነበር ነው።

የሁለተኛው ጥያቄሽም መልስ እዚሁ ላይ ነው። ቁልፍ ለይቶ መስጠት ስድብ አይደለም፤ እንዲያውም ተቀባዩን የሚጠብቅ ጋሻ ነው። በብዙ የገጠር ቁጠባ ቡድኖች የገንዘቡ ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ ሦስቱም ቁልፎች በሦስት ሰዎች እጅ ይቀመጣሉ። ይህን ሥርዓት ሰው ሁሉ ይቀበለዋል፤ «ሌባ አላችሁኝ» ብሎ የሚቆጣ የለም። ለምን ቢባል፣ ገንዘብ የጎደለ ዕለት ማንም ብቻውን አይጠየቅማ! የባጃጁን ቁልፍ ብቻ የያዘ ልጅም መሳቢያው ሲጎድል ስሙ አይነሳም።

ስለዚህ መያዣውን ከማሠራትሽ በፊት ልጁን አነጋግሪው። ሰው በሌለበት፣ ሻይ ይዛችሁም ቢሆን እንዲህ በዪው፦ «ያን ቀን ስጠይቅህ አስከፍቼሃለሁ። ማን እንደወሰደ አላውቅም። ሰባቱንም ቁልፍ ሳሸክምህ ኃላፊነቱንም አብሬ አሸክሜህ ኖሯል። ከእንግዲህ የምትይዘው የምትሠራበትን ብቻ ነው፤ እኔም እንደዚያው።» ይህን ሳትናገሪ አንድ ቁልፍ ነጥለሽ ብትወረውሪለት ግን፣ እንደፈራሽው «ሌባ ነህ» ማለት ይሆናል። የመሳቢያውንም ቁልፍ ቀይሪው። አስመስሎ ያስቀረጸ ሰው ካለ መያዣ መለየቱ ብቻ አያድንሽም።

አሁን ወደ መያዣው እንምጣ። ብዙ ሰው ቁልፍ የሚለየው በመጠኑ ነው፤ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ። ይህ ስሕተት ነው። ቁልፍ የሚለየው «ማን ይወስደዋል? ወዴት ይሄዳል?» ተብሎ ነው። በዚህ ሒሳብ ያንቺ ሰባት ቁልፎች አራት ቦታ ይከፈላሉ። የግቢው፣ የክፍልሽና የቁም ሣጥንሽ አንድ ላይ ይሁኑ፤ እነዚህ ካንቺ አይለዩም። የመፈልፈያ ቤቱና የመጋዘኑ ሁለተኛው ቡድን ናቸው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሰብስቦ ሲመጣ በማለዳ ለሠራተኛ መስጠትሽ አይቀርም። የመሳቢያው ቁልፍ ብቻውን ነው፤ ከመጋዘኑ ጋር እንኳ አይታሰርም። የባጃጁም ብቻውን ነው።

አሠራሩ ውድ አይደለም። አራት ትንንሽ ቀለበቶችና አራት መንጠቆዎች ያስፈልጉሻል። መንጠቆው በትከሻ ቦርሳ ማንገቻ ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት፣ ምላሱን በጣት ተጭነሽ የምትከፍችው ነው፤ ካረጀ ቦርሳ ላይ ፈትተሽ መጠቀም ትችያለሽ። ከዚያ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂጂና የጣት ስፋት ያለው ወፍራም ቆዳ አጥፎ አንድ ትልቅ ቀለበት እንዲሰፋበት አድርጊ። አራቱ መንጠቆዎች የሚያዙት እዚያ ላይ ነው። አንዱ ሲፈለግ ጠቅ አድርጎ መንቀል ነው፤ ጥፍርሽም ይተርፋል።

ከመተማመንሽ በፊት ግን ፈትኚው። እያንዳንዱን መንጠቆ ምስማር ላይ ሰቅለሽ በፌስታል አንድ ኪሎ ሩዝ አንጠልጥይበትና ነቅንቂው። ራሱን ከከፈተ ጣይው። መብራት ሲጠፋ በዳበሳ እንድትለዪአቸው ለአንዱ ክር፣ ለአንዱ ዶቃ፣ ለአንዱ ቁራጭ ቆዳ እሰሪለት። አድራሻም ሆነ የመፈልፈያ ቤቱን ስም በላዩ አትጻፊ፤ የወደቀ ቁልፍ ላይ የተጻፈ አድራሻ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው።

ያንቺ አገር የራሱ ጣጣም አለው። የሩዝ እብቅና አቧራ ጓጉንቸር ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል። ዘይት የሚያፈሱበት አሉ፤ ዘይት ግን አቧራውን ሰብስቦ ያቦካዋል። ከዚያ ይልቅ የእርሳስ ጥቁሩን ፍቀሽ ዱቄቱን በቁልፉ ጥርስ ላይ ቀብተሽ ብታስገቢና ብታወጪው ይላላል። ክረምት ላይ ዝናብ እንዳይገባበት ከድሮ ከመነዳሪ ክዳን ቆርጠሽ አልብሽው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ በሚለብስበት ወራት ደግሞ አንቺ ባትኖሪም መጋዘኑን ፈጥኖ ከፍቶ ጆንያ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጋዘኑን ቁልፍ ቅጂ ለአጎትሽ ስጫቸው፤ የመሳቢያውን ሳይሆን የመጋዘኑን ብቻ።

የባጃጁ ቁልፍ ብቻውን ይሁን ያልንሽ ለገንዘቡ ብለን ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ በሞተር ማስነሻው ጉድለት የተነሳ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል። ማስነሻው ላልቶ ስለነበር ከባድ የቁልፍ ዘለላ ወይም የመንገድ ንቅናቄ መኪናው እየሄደ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችል ነበር። ከዚህ ጉድለት ጋር በተያያዘ ካሣ የተከፈለባቸው ሟቾች 124 ናቸው። ኩባንያው ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ለባለመኪኖች የሰጠው ምክር፣ ከመኪናው ቁልፍ በስተቀር ምንም ነገር ቀለበቱ ላይ እንዳይኖር የሚል ነበር። ባጃጅ ሌላ ዕቃ ነው፤ ቢሆንም በጎርባጣ መንገድ ላይ ስድስት ቁልፍ ማስነሻው ላይ ሲወዛወዝ መዋሉ ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ነገር ለወረታዋ እህታችን ብቻ አይደለም። ከደባል ጋር ቤት የተከራያችሁ፣ የመሥሪያ ቤት ቁልፍ ከቤታችሁ ቁልፍ ጋር አስራችሁ ለጓደኛ የምታውሱ፣ እስቲ ዛሬ ማታ ዘለላችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ቁጠሩት። የምን እንደሆነ የማታውቁት ቁልፍ አይጠፋም፤ እሱን አውጡት። የቀረውን ማን ይወስደዋል፣ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ክፈሉት። ለምትወዱት ሰው ቁልፍ ስትሰጡ የሚፈልገውን ብቻ ስጡት፤ ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ዓይናችሁ እሱ ላይ እንዳያርፍ።

ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!