ሌዘር መሥራት ይበረታታ፤ ለዓይን ግን መለዋወጫ የለም

በውጭ አገር በሚደረጉ የኢትዮጵያውያን ሠርጎችና የአዲስ ዓመት ዝግጅቶች ላይ በጭስ መካከል የሚወራጨው ባለ ቀለም የሌዘር ጨረር እየተለመደ መጥቷል። ይህን ያየ ወጣት «እኔም ቤት ውስጥ ልሥራው» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነው የወላጆች መልስ ነው። ገሚሱ «የማይረባ ጨዋታ ትተህ መጽሐፍህን ያዝ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ ልጁ እንዳይነዘንዘው የባንክ ካርዱን አውጥቶ ይሰጠዋል። ሁለቱም አላወቁበትም።

ነገሩ የማይረባ አይደለም። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ካሊፎርኒያ ውስጥ ያበራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። 13 ዓመት ቆይቶ፣ በ1973፣ አይቫን ድራየር የተባለ የፊልም ሰው «ሌዘሪየም» የተሰኘውን የብርሃን ትርዒት በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ የከዋክብት መመልከቻ ጀመረ። ትርዒቱም እዚያው እስከ 2002 ዘለቀ።

አሠራሩ ከሚታሰበው ይቀላል። ሌዘር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቧ በመስታወት አማካይነት በፍጥነት ስትንቀሳቀስ ግን ዓይን መስመር ያያል፤ በቡሄ ማታ ችቦ ሲሽከረከር የእሳት ቀለበት መስሎ እንደሚታየው ማለት ነው። ለጀማሪ ከ1 ሚሊዋት ያልበለጠ ቀይ ሌዘር፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ስፒከር፣ አንድ ፊኛና ትንሽ መስታወት ይበቃሉ። ፊኛው በስፒከሩ አፍ ላይ ተወጥሮ መስታወቱ ከላዩ ሲለጠፍና ሙዚቃ ሲከፈት ጨረሩ ግድግዳው ላይ ይጨፍራል። ቀጥሎ በትንሽ ሞተር ጫፍ ላይ መስታወት በጥቂቱ ዘንበል ተደርጎ ሲጣበቅ ክብ ይሥላል፤ ጨረሩ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ሲያልፍ ደግሞ የአበባ ቅርጽ ይወጣል። ጋልቫኖሜትር የሚባሉት ሁለት ፈጣን መስታወቶች የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ ጨረሩን ግራና ቀኝ፣ ሌላው ላይና ታች ይመራዋል፤ በኮምፒውተር እየታዘዙ በሰከንድ 20 ሺህ ወይም 30 ሺህ ነጥብ ሲያስኬዱ ስምም ሥዕልም ይሠራሉ። ልጁም ሳያስበው ኤሌክትሪክን፣ የብርሃን ነጸብራቅንና ፕሮግራም መጻፍን ይማራል።

አደጋው ያለው ይህን ሁሉ ደረጃ ዘሎ በመጀመሪያው ቀን ባለ ብዙ ዋት መሣሪያ በማዘዝ ላይ ነው። 1 ሚሊዋት የማይሞላ ጨረር ዓይን ቢነካ ሰው በሩብ ሰከንድ ያህል ዓይኑን ስለሚጨፍን ይተርፋል። ከ500 ሚሊዋት የሚበልጠው ግን ከግድግዳ ተመልሶ እንኳ ዓይን ሊጎዳ፣ ቆዳ ሊያቃጥልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የተቃጠለ ሬቲና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይድንም። ርካሽ ዕቃ ላይ የተጻፈውም ቁጥር አይታመንም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2010 አንድ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ዓይን የማያየውን ኃይለኛ ኢንፍራሬድ ጨረር ሲያፈስ አግኝተውታል። ከማይታይ ጨረር ደግሞ ዓይን ጨፍኖ ማምለጥ አይቻልም።

ስለዚህ የሠርግ አዳራሽ የጀማሪ መለማመጃ ሊሆን አይገባም። እዚያ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ጨረሩን ፊት ለፊት ያያሉ። በአሜሪካ ከ5 ሚሊዋት በላይ በሆነ ሌዘር ለሕዝብ ትርዒት ማሳየት የምግብና መድኃኒት አስተዳደርን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ጨረር ወደ አውሮፕላን ማነጣጠር ደግሞ ከ2012 ጀምሮ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያደርስ የፌዴራል ወንጀል ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ላላለቀለት ቤተሰብ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

«ታዲያ ከነጭራሹ መከልከል አይሻልም?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። የተከለከለ ልጅ ግን በስውር ገዝቶ፣ በሩን ዘግቶ ይሞክረዋል። የሚበጀው አባት ወይም እናት የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች አብረው መቀመጣቸው ነው። ጨረሩ ከዓይን ቁመት ውጭ ይሁን፤ መጨረሻው ላይ የማያብለጨልጭ ጥቁር ካርቶን ይቁም፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ ማጥፊያው ከእጅ አይራቅ። ኃይሉ የሚጨመረው ልጁ ይህን ሁሉ ሳይነገረው ማድረግ ሲጀምር ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የቸኮለ ሌዘር ግን የሚፈታው ቀበቶ ሳይሆን የሚያጠፋው ዓይን ነው።