በሞዓዶኑ መስኮት ሥር ያለው ምንጣፍ



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አበል፣ ስለ ቅጽ አሞላልና ስለ ልጆች ትምህርት እንጽፋለን። ዛሬ ግን ስለ ምንጣፍ ነው።

እኛ በምንሠራበት ሰፈር ወደ አረጋውያን ሞዓዶን ዘወትር ይመጡ የነበሩ አንዲት እናት ለሦስት ሳምንት ቀሩ። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው «እግሬ ሰነፈ፣ ልጆቼ። በሰው ፊት ወድቄ መሳቂያ ከምሆን ቤቴ ይሻለኛል» አሉን። እግራቸውስ ደኅና ነበር። ያደናቀፋቸው በመስኮቱ ሥር ከሲሚንቶው የተላቀቀው የምንጣፍ ጠርዝ ነው። እኛ ወጣቶቹ ለወራት ተራምደነው ስናልፍ፣ እሳቸው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ።

ለሚመለከተው ክፍል ሁለት ጊዜ ጽፈናል። መልስ እስኪመጣ ብለን ጠርዙን በሰፊ ፕላስተር ለጠፍነው፤ ፕላስተሩ ተጠቅልሎ ሌላ መሰናክል ሆነ። ትንሽ ምንጣፍ ብንደርብበትም የሚያንሸራትት ሆነና አነሣነው። በመጨረሻ ሥራውን ራሳችን ያዝነው።

የተላቀቀው ቦታ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ገልጠን ስናይ ሲሚንቶው ጠቁሯል፤ የማዝጋኑ የውኃ መውረጃ ቱቦ ያንጠባጥብ ኖሯል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማጣበቂያ አይዝምና መጀመሪያ ቱቦው ተሠራ፣ ከዚያ ወለሉን በቬንቲላተር አደረቅነው። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጎን በፕላስተር ማሸግና እስከ ማግሥቱ መተው ነው። ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ገና ነው። እኛ ሦስት ጊዜ ሞክረናል።

ከዚያ አሮጌውን ማጣበቂያ በሽፓሕቴል ፍቀን አቧራውን ጠረግን። የተተረተረ ክር ካለ በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም፤ ከጎተቱት መስመሩ ሁሉ ይከተላል። ከሱቅ «ዴቬቅ ሌሽቲሒም» ብላችሁ በውኃ የተሠራውን ጠይቁ። ሽታው የሚያፍነው «ዴቬቅ ማጋ» ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ዓይነት ትነቱ በእሳት ይቀጣጠላል። የቡና ከሰል በሚነድበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። እኛም በውኃ የተሠራውን መርጠን ቡናውን በዚያ ቀን ሰረዝን፤ ለዚህም የተቆጡን አሉ።

ማጣበቂያውን ጥርስ ባለው ሽፓሕቴል ሲሚንቶው ላይ በስሱ ቀብተን፣ ምንጣፉን ካልተላቀቀው በኩል ጀምረን ወደ ጠርዙ በመዳፋችን ተጫንነው። አየሩ የሚወጣው እንዲህ ነው። በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ባለ ስድስት ጠርሙስ የውኃ እሽግ ሁለት ጫንን። አንዱ እሽግ 9 ኪሎ ይመዝናል። እስከ ማግሥቱ ማንም አልረገጠውም።

እናታችንን ለማምጣት ሄድን። ደርሰው ጠርዙን በከዘራቸው ደጋግመው ገፉት፣ ከዚያም በላዩ ተራምደው ወደ ቦታቸው ሄዱ። «ለካ እግሬ አልነበረም» አሉ።

ሽፓሕቴሎቹ በሞዓዶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። ቤቱ የላላ ምንጣፍ ያለው ሰው ይዋስ፤ አጥቦ ይመልስ እንጂ።