ደመወዝ ሲያድግ ቀለብ ለምን ይቆማል?

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተሻሽሏል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር ሰው መነሻው 11,500 ብር ሆኗል፤ ዝቅተኛው እርከንም ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ከገበያው ጋር ይመጣጠናል ወይስ አይመጣጠንም የሚለው ክርክር በየመሥሪያ ቤቱና በየታክሲው ሲካሄድ ከርሟል። ከክርክሩ መሀል ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማሁም። ከሚስቱ ተለያይቶ በፍርድ ቤት ውሳኔ በየወሩ 1,500 ብር ለልጁ ቀለብ የሚከፍል ሠራተኛ ደመወዙ ሲጨምር፣ የልጁስ ድርሻ ጨመረ ወይ?

አልጨመረም። ውሳኔው 1,500 ይላል፤ እናትየው እንደገና አመልክታ፣ እንደገና ቀጠሮ ተመላልሳ እስክታስለውጠው ድረስ 1,500 እንዳለ ይቆያል። የአባትየው ገቢ ሲያድግ፣ የዘይቱና የጤፉ ዋጋ ሲወጣ፣ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ አንደኛ ክፍል ሲዛወር ያቺ ቁጥር ንቅንቅ አትልም።

ብቻቸውን ልጅ ስለሚያሳድጉ እናቶች (ቁጥራቸው ቢያንስም አባቶችም አሉ) ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ምክር ይዞራል። ወጪሽን ጻፊ፣ ከማያስፈልግ ነገር ተቆጠቢ፣ ከደመወዝሽ አሥር በመቶ አስቀምጪ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። የሚሰጠው ግን ይህን ሁሉ ድሮውንም ለምታደርግ ሴት ነው። እኔ እንደማየው እነዚህ ቤቶች የቸገራቸው በተባለበት ቀን የሚገባና ከኑሮው ጋር አብሮ የሚራመድ ገቢ ማጣት ነው። እሱን ደግሞ እናትየዋ ከሽንኩርት ላይ ቀንሳ አታመጣውም። ቁልፉ ያለው በፍርድ ቤቱ፣ በአሠሪውና በሕግ አውጪው እጅ ነው።

ነገሩን በአዲሱ መነሻ ደመወዝ እናስላው። ከ11,500 ብር ላይ የገቢ ግብር 2,100 ብር፣ ጡረታ በ7 በመቶ 805 ብር ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 8,595 ብር ነው። የአራት ዓመት ልጅ አላት እንበል። ለአንድ ክፍል ቤት 4,000 ብር፣ እሷ ሥራ ስትውል ልጁን ለምትይዝላት ሴት 2,000 ብር፣ ለትራንስፖርት 1,000 ብር ብታወጣ 1,595 ብር ይቀራታል። ይህ ለሁለት ሰው በቀን 53 ብር ገደማ ነው። መብራቱ፣ ውሃው፣ ሳሙናው፣ የልጁ መድኃኒት ገና አልተነካም።

ሁለት ደመወዝ በሚገባበት ቤት ይኸው 4,000 ብር ኪራይ ለሁለት ይካፈላል። ልጅ ያዧም ላታስፈልግ ትችላለች፤ አንዱ ማለዳ ሲወጣ ሌላው ዘግየት ብሎ ይወጣል። ብቻዋን ለምታሳድገው ግን ኪራዩ ሙሉ ነው፣ ሞግዚቷ የግድ ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው እንዲህ ላለው ቤት ነው። በዚያ ላይ ጥሬ ገንዘብ ያጠራት ሰው የምትገዛው በውድ ነው። ጤፍ በኩንታል ማስመጣት እንደሚያዋጣ ታውቃለች፤ የምትገዛው ግን በኪሎ ነው። ዘይት በአምስት ሊትር መግዛቱ እንደሚሻል ታውቃለች፤ ከሱቅ የምታስቀዳው ግን በትንሽ ጠርሙስ ነው። ከጎረቤት ጋር ኩንታሉን ለሁለት መግዛት አንዱ መላ ነው፤ ብዙዎች ያደርጉታል። እሱም ቢሆን ሁለቱም ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ብር ሲኖራቸው ብቻ ነው።

የማውቃቸው እናቶች ሁሉ የሚፈሩት ወቅት የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም መጀመሪያ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ቦርሳ፣ ጫማና ዘመን መለወጫ በአንድ ላይ ይመጣሉ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ነፃ ምገባ፣ ደንብ ልብስና ደብተር ለእነዚህ ቤቶች ትልቅ እፎይታ ነው፤ በቁጠባ ምክር የማይገኝ ድጋፍ ማለት እንዲህ ያለው ነው። የተቀረውን ሴቶቹ የሚሸፍኑት በዕቁብ ነው።

በእኛ ሰፈር እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰብ የሴቶች ዕቁብ አለ። ዳኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ደብተሩ ከጉልበታቸው አይወርድም። አንድ ቀን ዕጣው ሊወጣ ሲል አንዲት ወጣት እናት ከኋላ ተነሥታ «እትዬ፣ የኔን ለነሐሴ አድርጉልኝ፤ ልጄን ላስመዝግብበት» አለች። ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩዋት። «እሺ የኔ ልጅ። ግን ባለፈው ወር ሁለት እሑድ አልጣልሽም፤ ዋስ አምጪ» አሏት። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች። ኋላ እንደሰማሁት ሁለቱን እሑድ ያልጣለችው የልጇ አባት የዚያን ወር ቀለብ ስላላገባ ነበር።

ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። አንድ ወር የቀረ ቀለብ እዚያው ወር ላይ አያበቃም። ዕቁቡን ያጎድላል፤ ዕቁቡ ሲጎድል መታመንን ያሳጣል፤ መታመን ሲጠፋ የነሐሴው ዕጣ ይዘገያል። ዋጋ በሚንርበት አገር ደግሞ ዕጣዋ የዘገየባት ሴት የጣለችውን ያህል አትገዛበትም። ክፍተቱን ለመድፈን በስልክ አነስተኛ ብድር ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ወር ከደመወዟ ብድሩም ክፍያውም ይነሣል። አባትየው 1,500 ብር የቀነሰ መስሎታል። እሷ ጋ ሲደርስ ጉዳቱ ተባዝቷል።

ሕጉስ ምን ይላል? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለብ መጠን የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም መሠረት እንደሆነ፣ ሁኔታው ሲለወጥም ውሳኔው ሊሻሻል እንደሚችል ይደነግጋል። መንፈሱ ጥሩ ነው። ችግሩ መለወጡን የማስረዳት ሸክም ሁልጊዜ በአሳዳጊዋ ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። የሰውየው ደመወዝ ማደጉን ማስረጃ ፈልጋ የምታቀርበው እሷ፣ ፈቃድ ጠይቃ ቤተሰብ ችሎት የምትመላለሰው እሷ፣ በቀረችበት ቀን ከደመወዟ የሚቆረጥባትም እሷ ናት። ብዙዎች አስልተው ይተዉታል። በሰኔ 2014 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ንረት የ1,500 ብር ውሳኔ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚገዛው ውሳኔው በተሰጠበት ቀን በ1,150 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ልጁ አንድ ዓመት አድጓል፤ ቀለቡ አንድ አራተኛ ያህሉን አጥቷል።

ካልከፈለስ? በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የማይሰጥን ሰው ይቀጣል። ነገር ግን የልጇን አባት ማሳሰር የምትፈልግ እናት ጥቂት ናት፤ የታሰረ ሰውም ደመወዝ አያገኝም። የተሻለው መንገድ በሠራተኛ ሕጋችን ውስጥ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዝ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ ጠቅላላ ተቆራጩ ግን ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ አሠራር ዛሬ የሚሠራው በአብዛኛው ሰውየው አልከፍል ካለ በኋላ፣ የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ተጽፎ ነው። እኔ የምለው ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር ነው። ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ የቀለቡ ውሳኔ በቁርጥ ብር ፋንታ ከደመወዙ በመቶኛ ይጻፍ፤ ውሳኔው በተሰጠ ዕለት ለአሠሪው ይላክ፤ ገንዘቡም እንደ ጡረታው መዋጮ ከምንጩ ተቆርጦ በእናትየዋ ሒሳብ ይግባ። ደመወዙ ሲያድግ ቀለቡ ያድጋል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል። ማንም ማንን ደጅ አይጠናም።

ይህን ሐሳብ ስሰነዝር ሦስት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው «አብዛኛው ሰው ደመወዝተኛ አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የሾፌሩን፣ የደላላውን፣ የቀን ሠራተኛውን ገቢ ከምንጩ መያዝ አይቻልም። ለሁሉም የማይሆን መፍትሔ ግን ለሚሆንለት መከልከል የለበትም። ግብርንም ከደመወዝተኛው ከምንጩ እንቆርጣለን።

ሁለተኛው «እናቶች ገንዘቡን ለራሳቸው ያውሉታል» ይላል። ከላይ ያለውን ስሌት ያየ ሰው ይህን ለማለት ይቸግረዋል ብዬ አስባለሁ። ልጅ የሚተኛው በኪራይ ቤት፣ የሚበላው ከጋራ ድስት ነው፤ የእሱን ሽሮ ከእናቱ ሽሮ ለይቶ ደረሰኝ የሚያመጣ የለም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። አንዳንድ አባት ወርኃዊ ክፍያው ልጁን የሚያይበት ምክንያት ነው፤ ብሩን ይዞ ይመጣል፣ ልጁን አቅፎ ይሄዳል። ከምንጩ ከተቆረጠ ይህ ገመድ አይበጠስም ወይ? እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። ገንዘቡ ሲቀር እግሩም ይቀራል፤ ባዶ እጁን መምጣት ያፍራል። ሒሳቡ ከደጁ ከተነሣ አባትየው ሊመጣ የሚችለው ልጁን ለማየት ብቻ ነው፤ እናትየውም በር ላይ ብር መጠየቋ ይቀራል።

ከዚህም ርቀው የሄዱ አገሮች አሉ። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ቢቱዋሕ ለኡሚ የሚሉት ብሔራዊ የመድን ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ሕግ መሠረት፣ በፍርድ የተወሰነ ቀለብ ሳይከፈል ሲቀር የገቢ መለኪያውን ለምታሟላ እናት ራሱ ይከፍልና ዕዳውን ከአባትየው ያስመልሳል። ከባለዕዳው ጋር የሚተናነቀው መንግሥት ነው፤ እናትየው ወሩን ትኖራለች። የእኛ ካዝና ይህን ይችላል አልልም። ከምንጩ መቁረጥ ግን ካዝና አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ የፍርድ ቤት ደብዳቤና አንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው።

ግብሩም ይታይ። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ ተገቢ ነው። ሆኖም ያው 11,500 ብር የሚያገኝ፣ ከወላጆቹ ቤት ያልወጣ ወጣትና ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የሥራ ባልደረባው ዛሬም እኩል 2,100 ብር ይከፍላሉ። ሕጉ ስንት አፍ ከዚያ ደመወዝ እንደሚበላ አይጠይቅም። የልደት ምዝገባ በተስፋፋበት ዘመን ለብቸኛ አሳዳጊ የተወሰነ ቅናሽ ማሰብ ከባድ አይመስለኝም።

እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለውን መጠቀም ይበጃል። የተከራዩ እናቶች የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይወቁት፤ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አከራዩ ፊቱን ቢያጠቁርም የተመዘገበ ውል ከትልቁ ወጪ ላይ ጥርጣሬን ያስወግዳል። የቀለብ ብር በየወሩ የማይገባ ከሆነ ደግሞ ለኪራይና ለዕቁብ ባትመድቡት ይሻላል፤ ቢቀር ቤት የማያናጋ ወጪ ላይ፣ ለምሳሌ ለመስከረም በሚቀመጠው ላይ ይዋል። የቀለብ ውሳኔያቸው ከደመወዝ ጭማሪው በፊት የተጻፈ እናቶችም ማሻሻያ ያመልክቱ። ሲያመለክቱ መጠኑ በመቶኛ እንዲወሰንና ለአሠሪው በቀጥታ ትእዛዝ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ቢከለከሉም ጥያቄው መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

መንግሥት የደመወዝ ጭማሪ ሲያውጅ የጡረታ መዋጮውን ለማስተካከል አንድ ቀን አልዘገየም፤ 7 በመቶው በአዲሱ ደመወዝ ላይ በራሱ ተሰላ። ለስልሳ ዓመት አዛውንትነታችን ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለአራት ዓመቱ ልጅም በዚያው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመርለት።